ሩርና መለማመጃው፤ የገና ምት ከደጋ እስከ ገዳሪፍ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋል። እኛ የምንጽፈው በግቢያችን ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ አጠገብ ስለ ቆመው ብረት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የውሃ ፓምፕ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን በበኩላቸው ግመል እየዞረ የሰሊጥ ዘይት የሚጨምቅበት የዐሳራ ዕቃ ይመስላቸዋል፤ ዙሪያውን የሚሽከረከር ክንድ ስላለው አይፈረድባቸውም። ብረቱ የገና ምት መለማመጃ ነው። ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት ግን ከጨዋታው ከራሱ መነሣት ግድ ይላል፤ በተለይም እዚህ ተወልደው እዚህ ላደጉት ልጆቻችን።

ገና የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሦስት ነገር ነው። በዓሉ ገና ይባላል፤ ጨዋታው ገና ይባላል፤ ጨዋታው የሚካሄድበት ጫፉ የቆለመመ ዱላም ገና ይባላል። ኳሱ ሩር ነው። ሩር ከጠንካራ እንጨት፣ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ተጠርቦ ይድቦለቦላል፤ አለዚያም ከጠፍር ተጎንጉኖ ይሠራል። የጠፍሩ ሩር ገር ነው። የእንጨቱ ግን ቅልጥም ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ባለቤቱን ለጥምቀት እንኳ አያስወጣውም።

በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የግብፅና የሱዳን ቅብጦችም የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። አባቶች እንደሚተርኩት የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ሩር እየለጉ ተጫወቱ፤ ጨዋታው ከልደት በዓል ጋር የተያያዘውም በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ከትውፊቱ ጎን ለጎን ግን የገበሬውን የዓመት አዋዋል ማየት ይገባል። በታኅሣሥ መጨረሻ በደጋው አዝመራው ተሰብስቦ፣ አውድማው አልቆ፣ ማሳው ባዶ ሜዳ ሆኗል። መሬቱ ደርቋል፤ ከብቱም ቃርሚያ ላይ ተለቋል። ሰው ጊዜም ሜዳም የሚያገኘው ያኔ ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ሁለት ወገን ይቆማል፤ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ወይም አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ። በድሮው ልማድ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሩሩ ከሜዳው መካከል ይቀመጥና ሁለቱም ወገን ወደ ባላጋራው ድንበር ለመስደድ ይታገላል። ድንበሩ ወንዝም ሊሆን ይችላል፣ ዋርካም ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ የሚገላግለው ጨለማ ነው። ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም እየሸነቆጠ ይጨፍራል፤ በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን ቢሰድበው፣ በዱላ ጫፍ ቢነካውም ጌታው አይቆጣም። በዓፄ ምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ሳይቀሩ ይጫወቱት ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በአገር ውስጥ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ጨዋታውን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር አሰልፎ የተጫዋች ቁጥር፣ የሜዳ ልክና የጊዜ ገደብ አውጥቶለታል። ደግ አደረገ እንላለን፤ የድሮው ዓይነት ግን ዛሬም በየገጠሩ አለ።

ዱላ ይዞ ኳስ መለጋት የእኛ ብቻ አይደለም። ይህን የምንጽፈው ልጆቻችን ሜዳ ላይ በወጡ ጊዜ የሚያፍሩበት ነገር እንዳልያዙ እንዲያውቁ ነው። ከእኛው ዓባይ በታች በግብፅ፣ ቤኒ ሐሰን በሚባል ስፍራ፣ ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዘው፣ በመካከላቸው ክብ ነገር አድርገው ፊት ለፊት ቆመው ተሥለዋል። ያየ ሰው ሁሉ የገና ሩር ሊጀመር ነው ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ይህን ምት በአገር ቤት ማን አስተማረን? ማንም አላስተማረንም። አሠልጣኝ የለም፣ ልምምድ የሚባል ሰዓትም የለም። እረኛ ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ ገና እስኪደርስ ድረስ ከብቱን እያገደ በያዘው ዱላ ጠጠሩንም፣ የደረቀውንም ኩበት፣ ያገኘውንም ሁሉ ሲለጋ ይውላል። ማንም አይቆጥርለትም እንጂ በቀን ብዙ መቶ ምት ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው ዓይኑ፣ ወገቡና የእጁ አንጓ አብረው መሥራት ለምደዋል። የበዓሉ ዕለት ሜዳ ሲገባ የተማረውን ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው። ትምህርቱ ያለው በእረኝነቱ ነው። ብዙ ሰው ግን «ገና በደማችን ውስጥ አለ» ይላል። በእኛ አስተያየት በደም ውስጥ የለም። ያለው በነዚያ በሁለት ሦስት ወራት ሥራ ፈት ዱላ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲቀር ምቱም አብሮ ይቀራል።

ገዳሪፍ ላይ የጎደለን ያ ነው። ይህች ከተማ፣ ድሮ ሱቅ አቡ ሲን ትባል የነበረችው፣ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት። ከጋላባት በወደ 150 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ጋላባትና መተማ ደግሞ በአንድ ኾር ብቻ የተለያዩ ናቸው። በዚህ መስመር ያላለፈ የለም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የነጋዴው፣ የሰሊጥ አጫጁና የስደተኛው ጉዞ አልተቋረጠም። ከእኛ መካከል በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገና ልጆች ሆነው በእግራቸው የገቡ፣ ተዋዋ እና ኡም ራኩባ መጠለያ የቆዩ ብዙዎች ናቸው። በመጠለያ ኑሮ ዱላ ማለት ማገዶ ነው። ሩር የሚቀርጽበት እንጨት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ድስቱን ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም።

በኋላ ኑሮ ሲደላደል፣ ሱቅም ሲከፈት፣ ቤተሰብም ሲበዛ ገናን በሜዳ መጫወት ጀመርን። ከጎንደርም፣ ከወሎም፣ ከትግራይም፣ ከሸዋም የመጣ ሰው አለና «በእኛ አገር እንዲህ አይደለም» የሚል ክርክር ከጨዋታው እኩል ጊዜ ይወስዳል። ክርክሩን ወደነዋል። የከበደን ሜዳው ነው። የገዳሪፍ መሬት እኛ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው፣ ሱዳኖቹ ባዶቤ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። በኸሪፍ ዝናብ ጊዜ ያብጥና ጫማ ይነጥቃል። በሺታ፣ ማለትም ገና በሚውልበት ወር፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ ሩሩን ይውጠዋል። ጨዋታው ይቆምና ሃያ ጎልማሳ ተንበርክኮ ስንጥቅ ውስጥ በዱላ ሲጎረጉር ይታያል። መንገደኛ ሱዳናዊ ቆሞ «ምን ጠፋባችሁ?» ይላል፤ «ኳስ» ስንለው ኳስ እግር ኳስን ያህል እንጂ ቡጢ የሚያህል መስሎ አይታየውም።

ሜዳው ግን በደለልም በአመድም ይደለደላል። የማይደለደለው የልጆቹ ነገር ነው። ልጆቻችን እግር ኳስ ላይ እንደ ጥይት ናቸው። ዱላውን ስንሰጣቸው ግን እንደ መጥረጊያ ይዙታል። ያያሉ፣ ያነሣሉ፣ ይመታሉ፤ የሚመታው አፈሩ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ አቧራ አስነሥተው ሰው ሲስቅባቸው ዱላውን ጥለው ስልካቸውን አውጥተው እኛን ፎቶ ያነሣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳ ላይ ያለነው ጢማችን የነጣ ሰዎች ብቻ ሆንን። በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዱላ የሚጨብጥ ልጅ ምቱን በምን ያገኘዋል? ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ሱቅ፤ የሚያግደው ከብት የለው፣ የሚለጋው ጠጠር መኪና መስታወት ያገኛል።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ፣ ከጎልፍ ነው። አንባቢ አይሳቅ። ከመካከላችን አዲስ አበባ ያደጉ ሰዎች በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለውን የጎልፍ ሜዳ፣ ወይም አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ ያለውን ክበብ በአጥር ቀዳዳ ያዩ አሉ። አስመራ የኖሩት ደግሞ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 በቆዩበት በቃኘው ጦር ሰፈር የነበረውን ያስታውሳሉ። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ መስሎ ይታየን ነበር። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን የገና ዘመድ ሆኖ አገኘነው። ስኮትላንድ ውስጥ የተራ ሰው ጨዋታ ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ንጉሥና ሸንጎው ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር በአዋጅ ከለከሉ፤ ሰዉ የቀስት ልምምዱን እየተወ ሜዳ ለሜዳ ኳስ ሲያባርር ስለሚውል። በገና ሰሞን ከብቱ እህል ገብቶበት ከአባቱ የተጣላ እረኛ ይህን አዋጅ በደንብ ይረዳዋል።

ኳሳቸውም ቢሆን እንደ ሩራችን ነው የጀመረው። አስቀድሞ ከእንጨት፣ ቀጥሎ ላባ ከተጠቀጠቀበት ቆዳ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ መሥራት ተጀመረና ዋጋው ረከሰ፣ ተጫዋቹም በዛ። የገዳሪፍ ነጋዴ ሙጫ ሲባል ጆሮው ይቆማልና ይህችን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። የእኛው የሐሸብ ሙጫ ግን ለኳስ አይሆንም፤ ውሃ ያሟሟዋል።

የጎልፍ ሰዎች ምታቸው የሚጀምረው ኳሷን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ በማስቀመጥ ነው። ለዚህም ለብዙ ዘመን እርጥብ አሸዋ እየቆነጠሩ ትንሽ ቁልል ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1899 ጆርጅ ግራንት የተባለ የቦስተን ከተማ የጥርስ ሐኪም ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ችካል ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ግራንት ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ወላጆቹ ከባርነት የወጡ ናቸው። ፈጠራውን ሊነግድበት አልሞከረም፤ ለወዳጆቹ አደለው እንጂ። ገበያ ላይ ያወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ሌላ ሰው ነው፤ እሱም የሚገርመው የጥርስ ሐኪም ነበር።

ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ነው። ጎልፍ ከስኮትላንድ የባሕር ዳር ሜዳ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ ተጫዋቹ ሜዳ አጣ። ሜዳ ያጣ ተጫዋች ምቱን በምን ይጠብቅ? መለማመጃ መሣሪያ የተፈጠረው ከዚህ ችግር ነው። አንዳንዱ ኳሷን በመረብ ውስጥ ይመታል። ሌላው ኳሷን በገመድ ወይም በዘንግ ከተተከለ ብረት ጋር አስሮ ይመታል፤ ኳሷ ትሽከረከርና ትመለሳለች፣ አትጠፋም። አሽከርክሪቱ ላይ ቆጣሪ ያለበትም አለ፤ ምቱ ሜዳ ላይ ቢሆን ምን ያህል ይርቅ እንደ ነበር በግምት ያሳያል። ጃፓን በመሬት ጥበት የታወቀች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 በገዛ ምድሯ የተካሄደውን የካናዳ ዋንጫ የተባለ ዓለም አቀፍ ውድድር ካሸነፈች በኋላ ሕዝቧ በጎልፍ አበደ፤ ሜዳ ግን ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ በየከተማው በትልቅ መረብ የታጠሩ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ መለማመጃዎች ተሠሩ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ፎቁ ላይ ቆሞ ይለጋል፤ አንዱን ሲመታ ሌላዋን ኳስ ማሽን ከወለሉ ሥር ብቅ ያደርግለታል። ከእነዚህ ሰዎች እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ የሚረግጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ምታቸው ግን አልጠፋም።

ማሽን ራሱ እንዲመታ ያደረጉም አሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ (በእነሱ አቆጣጠር) ትሩ ቴምፐር የተባለ የአሜሪካ የጎልፍ ዱላ ዘንግ ሠሪ ኩባንያ አንድ ክንድና አንድ የእጅ አንጓ ያለው ማሽን ሠራ። አመታቱ የባይረን ኔልሰንን፣ ምቱ ከቀን ቀን የማይዛነፍ ይባል የነበረውን ዝነኛ ተጫዋች፣ ተከትሎ ስለ ተቀረጸ ማሽኑ «ብረቱ ባይረን» ተባለ። ይህ ግን ዱላና ኳስ መፈተኛ እንጂ ሰው ማስተማሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ ትራክማን የሚባል የዴንማርክ ኩባንያ ደግሞ በራዳር የኳሷን አበራረር የሚለካ መሣሪያ አመጣ። ዋጋውን ለሱቅ ሰው ባይነግሩት ይሻላል።

እኛ ከዚህ ሁሉ የወሰድነው አንዱን፣ የታሰረችውን ኳስ ነው። ገዳሪፍ ትራክተር የሞላበት ከተማ ስለሆነ ብረት አይቸግርም፤ ወርሻውም ብየዳውም ደጃችን ላይ ነው። አሠራሩን ላልለመደ ሰው እንንገረው። አንድ አሮጌ ቸርኬ መሬት ላይ ይተኛል፤ መካከሉ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ቱቦ ይቆማል፤ ቸርኬው በኮንክሪት ይሞላል፣ እንዳይናወጥ። ቱቦው አናት ላይ ከትራክተር የወጣ ኩሽኔታ ይገጠማል። ኩሽኔታው ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ቀጭን ፌሮ ወደ ጎን ይበየዳል፤ ይኸው ነው ዐሳራ ያስመሰለው ክንድ። ከክንዱ ጫፍ ጠንካራ ገመድ ወደ ታች ይወርድና ሩሩ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይንጠለጠላል። ሩሩ ከጨርቅ ተጠቅልሎ በላዩ ጠፍር የተጎነጎነበት ነው፤ የእንጨት ሩር እዚህ ላይ ክልክል ነው።

ልጁ ሩሩን ሲለጋው ክንዱ ይሽከረከራል። ሩሩ ዞሮ ከኋላ መጥቶ ቋንጃውን እንዳይመታው ከአንድ ዙር ጥቂት ሲጎድል ክንዱን የሚቀበል የካላማዳርያ ጎማ በሌላ ችካል ላይ ተወጥሯል። ጎማው ክንዱን ያዝ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ዙሪያው መሬት ላይ በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ ስምንት ምልክት አለ፤ ሩሩ የደረሰበት ቁጥር ይጠራል። ደካማ ምት ሁለት ላይ ይቆማል። አፈር የነካ ምት ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በትክክል መካከሉን ያገኘ ምት ስምንትን አልፎ ጎማው ላይ «ጧ!» ይላል፤ ልጆቹም የሚፈልጉት ይህችን ድምፅ ነው።

ሲተከል የተቃወሙ አባቶች ነበሩ፤ ክርክራቸውንም በእውነት ማስቀመጥ ይገባናል። «ገና በማሽን? ነገ ደግሞ ጥምቀትን በፓምፕ ልታደርጉት ነው?» ያሉ ነበሩ፤ ብዙ ተስቆበታል። ቁም ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። የቆመ ሩር መምታት ገና አይደለም ነው የሚሉት። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚሻማም የለም። ገና ላይ ሩሩ ይሮጣል፣ የሰው ዱላ ከዱላህ ጋር ይጋጫል፣ ትከሻ ይገፋል፣ አቧራው ዓይን ይሞላል። ይህን ብረት አያስተምርም። ትክክል ብለዋል፤ አያስተምርም። እኛ የምንለው ግን ሩር ላይ ዱላውን ማሳረፍ የማይችል ልጅ ወደ ሽሚያው መግባት ራሱ አይደፍርም። ብረቱ የሚያደርሰው እስከ ሜዳው በር ድረስ ነው። እስከዚያ ግን ሌላ የሚያደርሰው አላገኘንም።

ብረቱ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ዓይን ነው። ልጅ ሁሉ ሩሩ የሚሄድበትን ለማየት ቸኩሎ ከመምታቱ በፊት ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ትከሻው ይነሣል፣ ዱላውም ከሩሩ በላይ ያልፋል። ብረቱ አይሳሳትም፤ ሩሩ ባለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሌላው ጉልበት ነው። ግዙፎቹ ልጆች በክንዳቸው ብቻ ይታገሉና አራት ላይ ይቆማሉ፤ ቀጫጭኖቹ ከወገባቸው ዞረው ስምንት ያስገባሉ። ድሮ የገና ሜዳ የወንዶች ነበር። እዚህ ግቢ ግን መጀመሪያ ጎማውን «ጧ» ያሰኙት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ወንድሞቻቸው የበረቱትም በዚህ እልህ ነው ብለን እንጠረጥራለን። የጎረቤት የሱዳን ልጆችም ተራ ይይዛሉ፤ ቁጥሩ በዐረብኛም በአማርኛም ይጠራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ይህ ግቢ ሌላ መልክ ያዘ። ከካርቱም የሸሹ ወገኖቻችን ወደ ጋላባትና መተማ ለማለፍ በገዳሪፍ በኩል ሲጎርፉ ግቢያችን ምንጣፍ ለምንጣፍ ሆነ። ከእነሱ ጋር የመጡት ልጆች በአውቶቡስ ቀናት ያሳለፉ፣ የጥይት ድምፅ የሰሙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ አማርኛቸው ሰባራ ነው፣ ገናን በስም እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ወላጆቻቸው ስለ መኪናና ስለ ወረቀት ሲሯሯጡ እነሱ ብረቱን ከበው ይውሉ ነበር። ሱቅ ዘግተን ማታ ስንመጣ እንኳ በባትሪ ብርሃን ሲለጉ እናገኛቸዋለን። አንድ ሁለት ሳምንት ቆይተው ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ሲሄድ ሩሩን ይዞ ሄደ፤ አባቱ ከመተማ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። እኛም «ይያዘው» አልነው፤ ሌላ ጎነጎንን።

ይህ ነገር አንድ ነገር አስታወሰን። ከእኛ ብዙዎቻችን ድንበር ስናቋርጥ የያዝነው በእጃችን ያለውን ብቻ ነበር። ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ሌላ አገር የሄደ አባል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ አንዳንዶቹ ይህን መጽሔት የሚያነቡት አውስትራሊያና ካናዳ ሆነው ነው። እዚያ ባዶቤ የለም፣ እረኝነትም የለም፤ አጠገባቸው ግን የጎልፍ መለማመጃ ሥፍራ አይጠፋም። የታሰረች ኳስ ካገኙ ልጆቻቸው እንዲለጉባት እንመክራለን። ዱላው ብቻ ይለያያል፤ የወገቡ አዟዟር ያው ነው።

ስለ ዱላው እንጨት ብዙ ሰው ይጠይቀናልና በዚሁ እንመልስ። በአገር ቤት ወይራን የሚያህል የለም። ወይራ እዚህ አይበቅልም፤ በመተማ በኩል የሚመጣው ደግሞ መንገዱ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። በአካባቢያችን ካለው ሞክረን የወደድነው ቁርቁራን ነው፤ ሱዳኖቹ ሲድር ይሉታል፣ ፍሬውን ነበግ እያሉ ልጆቹ የሚበሉት ነው። ጠልሕ ለከሰልና ለሙሽራ ጭስ ይሁን እንጂ ለገና አይሆንም፤ እኛ የሞከርነው ቶሎ ተሰነጠቀ። ኒም ቀላል ነው፤ ለሕፃናት ይበቃል። ከተቻለ ከሥሩ ራሱ የቆለመመ ቅርንጫፍ ይፈለግ። ካልተገኘ እርጥቡን በትኩስ አመድ ውስጥ አሙቆ፣ አጥፎ፣ በገመድ አስሮ ለሳምንታት ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ስለዚህ ዱላ የሚቆረጠው ከኅዳር በፊት መሆን አለበት፤ በገና ዋዜማ የተቆረጠ ዱላ ሜዳ ላይ ይቃናል።

አሁን ያለው ብረት ቁመቱ ለትልልቆቹ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ክንዱ አጠር፣ ቱቦውም ዝቅ ያለ ሁለተኛ ብረት ሊሠራ ታስቧል። ቸርኬው ተገኝቷል፣ ብየዳውንም የሚሠራልን ሰው ዋጋ አልፈልግም ብሏል። የቀረው ኩሽኔታ ነው። ከትራክተርም ሆነ ከሎሪ የወጣ፣ ቢያረጅም ያልተሰበረ ኩሽኔታ ያለው አባል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢ ይዞ ይምጣ፤ ግራሶው ከእኛ ሱቅ ነው።